አንድ ነጭ መስመር

ማክሰኞ ማታ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ምስሉ ተሰብስቦ አንድ መስመር ወጣ፤
ነጭ፣ ቀጭን፣ አግድም፣ እንደ ልብስ ማስጫ፣
ልብስ የሌለበት ገመድ፣ ባዶውን ብቻ።
ድምፁ ግን አልሞተም፤ ዜና ታነባለች፣
ሴትዮዋ መስመሩ ውስጥ ተጋድማ አለች፤
ስለ ጤፍ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ነገ ዝናብ፣
ፊት የሌለው ወሬ፣ አፍ የሌለው ንባብ።

ልጄ ናሆም ሳቀ፦ «አባ፣ ይሄ ቅርስ ነው፤
ለቁራሌው ስጠው፣ በሁለት ሳህን ይውሰደው።»
ባለቤቴ ትርንጎ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣
«አጥናፉ አለ አይደል?» ብላ ጠየቀች።
«ፒያሳ ደረጃ ስር ተቀምጦ ይውላል፤
ከአራት ኪሎ እዚያ በእግርም ይደረሳል።»

አልመለስኩላትም። ካዛንቺስ የነበረው
የአባታችን ቤት ፈርሶ፣ ካሳውን ስንካፈለው
አንድ ቃል አመለጠኝ፣ አንድ ቃል አመለጠው፤
ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት ዝናብ ብቻ ነው ያወራው።

«ራሴ እሠራዋለሁ። ካቻቢቴ የት ነው?»
«ናሆም ብስክሌቱን ሲፈታ ጣለው።»
በሽንኩርቱ ቢላ ስምንት ብሎን ፈታሁ፣
ጀርባውን አንስቼ ሆድ ዕቃውን አየሁ፦
አቧራ፤ ደርቃ የቀረች አንዲት በረሮ፤
ሽቦ ከሽቦ ጋር እንደ ነገር ተቋጥሮ፤
መሃል ላይ አንድ ብየዳ፣ ወፍራም፣ የልጅ እጅ ያለበት፤
አጥናፉ ነው፣ በዐሥራ ስድስቱ፣ አባባ ሻማ ይዞለት፤
እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ይፈነዳል!» ስል፣
እሱ ምላሱን ነክሶ ሽቦ ሲቀጥል።

ያን ለት ያለኝ አለ፦ «ቸኩለህ አትንካ፤
ሶኬት ቢነቀልም ያደረ እሳት አለ፣ የማይታይ፣ የማይለካ።»

እጄን ሰበሰብኩ።
ቢላው አየር ላይ ቀረ።
ሶኬታችን ከተነቀለ
ስንት እሳት ይሆን ያደረ?

ጀርባውን መለስኩ፤ ሰባት ብሎን ገጠምኩ፤
ስምንተኛዋ ተረፈች፤ ቀዳዳዋን ፈለግኩ፣
አጣሁ።

ጠዋት ሣጥኑን ትቼ፣ ብሎኗን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።
የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ስያያዝ፣
አንዲት ጥያቄ ብቻ በአፌ ሳመላልስ፣ ስይዝ፦
«ይቺ የየት ናት?» ልለው። ሌላ ቃል አልያዝኩም።
ሰላምታውን እንኳ አልተለማመድኩም።

ደረጃው ስር አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል።
(የኔን ያየ ደግሞ ምን ይል ይሆን?)
ብሎኗን ተቀበለኝ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤
አገላበጣት፤ ጥርሷን በጥፍሩ ዳሰሰ፤
«የታችኛው ግራ» አለ። «ሣጥኑስ?»
«ከባድ ነው» አልኩት።
«ድሮም ያንድ ሰው ሸክም አይደለም» አለና
ካቻቢቴውን ደረት ኪሱ ሰካ፣
ሱቁን ቆለፈ።