አመድ አፋሽ

ኬሪማኪ መንደር፣ መጋቢት ሲጠባ፣
ታውኖ ሸርተቴውን ስቦ ሐይቅ ላይ ገባ።
እኔም ተከተልኩት መሰርሰሪያ ይዤ፣
እሱ በረገጠው፣ በዱካው ተጉዤ።
በመጋዝ ፋብሪካ በአንድ ፈረቃ ሠርተን
ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበረን።
እግሬ አላመነውም፤ በውኃ ላይ መሄድ
ለጴጥሮስም ከብዶት ጀምሮታል መውረድ።
«ስንት ነው ውፍረቱ?» አልኩት በምልክት፤
በእጁ ጠርዝ ለካልኝ፦
ከጉልበቴ በላይ፣ እንደገና ሁለት ጣት።

ቀዳዳው ተከፍቶ ጥቁር ዓይን አፈጠጠ፤
ታውኖ ለከሰሉ ራቅ ያለ ቦታ መረጠ።
አራት ጡብ ደርድሮ፣ ከጡቡ ቆርቆሮ፣
ከቆርቆሮው በላይ ምድጃውን አኑሮ
እፍ አለ፤
እፍ አለ፤
ጢሙ ላይ የረጋው ትንፋሹ ቀለጠ፣
ከሰሉ ጫፍ ይዞ ቀልቶ ተገለጠ።

ዓሣ ግን የለም። አንድ ሰዓት። ሁለት።
ታውኖ ክሩን ይነካል በአንዲት ጣት፣
የተኛ ሕፃን ይተነፍስ እንደሁ እንደሚያይ አባት።
ድንገት ከሐይቁ ሆድ ነጎድጓድ አገሣ፤
አመዴ ቡን ብሎ ዘልዬ ስነሣ
እሱ ከርጩማው ንቅንቅም አላለ።
«የሚጮኸው» አለኝ፣ «ጠንካራው በረዶ ነው።
ፍራ ዝም ያለውን።»

ከቀትር በኋላ አንድ ክንፈ ቀይ መጣ፣
መዳፍ የማይሞላ፣ እሾኩ የተቆጣ።
ጨው ነስንሶ ጣደው፤ ቆዳው ተሰነጠቀ፣
ጠብታ ቅባቱ ፍሙ ላይ ወደቀ፣
ሽታው ነጩን ሜዳ እስከ ዳር ዘለቀ።
ለሁለት ገመሰው፤ ሰፊው ለኔ ደርሶ
እሱ ጭራ ጋጠ፣ ጣቱን ልሶ ልሶ።

ጸሐይዋ ስትሸሽ ፍሙ አመድ ለበሰ።
እኔ፣ ሥራ ልጋራ ብዬ፣ ምድጃውን አንስቼ
በረዶው ላይ ልደፋው ሳዘነብል —
«ኤይ!» አለኝ።
የሱን «ኤይ» እና የኛን «አይ» አንድ እናት ወልዳቸው እንደሁ እንጃ፣
አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ከሸርተቴው ባልዲ አወጣ፣ ክዳን ያለው፣ ቀለም የደረቀበት፣
አካፋም፣ የልጅ መጫወቻ የምታህል።
አፈሰ፣ አፈሰ፣ አንዲት ብናኝ ሳይተው፣
ቆርቆሮውን ሳይቀር በጓንቱ ዳር ጠርጎ ከተተው።
ሳቄን ዋጥኩ።
በኛ አገር «አመድ አፋሽ» የሚሉት ሰው አለ፣
ለፍቶ ለፍቶ ለሰው፣ ምስጋና የጎደለ፤
በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ነገረኝ፣ በተሰባበረ ቋንቋ፣ የኔም የሱም ባልሆነ።
ሠላሳ ዓመት ሆነው። እዚህችው ወሽመጥ ላይ አመድ ደፍቶ ሄደ።
ጥቁር ነገር ጸሐይን ይጠራል፤
ሳምንቱን ሙሉ ላሰችው፣ ከሆዱ ቦረቦረችው፤
በስምንተኛው ሌሊት አዲስ በረዶ ጣለ፣
ቁስሉን አለበሰው፣ ደኅና ነው አስባለ።
ወንድሙ ኤርኪ በዚያ በኩል አለፈ።
እስከ ብብቱ ሰመጠ።
ወጣ፤ ከግራ እግሩ ሦስት ጣት ቀረ።
ከታውኖ ጋር የነበረው ቃልም አብሮ ቀረ።

ኤርኪ ደጅ ደረስን። መብራት አለ። ደረጃው መስታወት ሆኗል።
«የዛሬው ገና ትኩስ ነው» አለና ከሸርተቴው ሌላ ጣሳ፣
ያለፈውን እሑድ፣ ነፍሱ የወጣች አመድ አነሣ፤
ጎንበስ ብሎ፣ ዘር እንደሚዘራ፣
ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው ተራ
በተነ፣ በተነ።
በሩ አልተከፈተም። እኛም አላንኳኳንም።

«እሳት አመድ ወለደ» ብሎ የተረተ
እዚህ ደጅ ቢቆም ኖሮ በተጸጸተ።

በማግስቱ በዚያ ሳልፍ፣ ግራጫው መንገድ ላይ
የቦት ጫማ ዱካ ነበር፤ ቀኙ ሙሉ፣ ግራው ጫፉ የሳሳ፣
እስከ ፖስታ ሣጥኑ ሄዶ
ሳይንሸራተት የተመለሰ።