ሰማንያ

ኅዳር ሲጋመስ ላይ፣ ሸዋሮቢት ገበያ፣
ማሾ እንደ አረንጓዴ ጠጠር ሲፈስ በጆንያ፣
አቶ አጥላባቸው መጣ፣ ላብ በአንገቱ ላይ፣
ከአዲስ አበባ የወጣ ወረቀት ሊያሳይ።
«መንግሥት ዋሴ ነው» አለኝ፣ ማኅተሙን ዳሰሰው፣
«ከመቶው ሰማንያውን ይከፍላል፤ ይሄ ነው የኔ ሰው።»

ሰማንያ!
በኛ አገር ቃሉ የጋብቻ ነበረ፣
ምስክር ተቀምጦ፣ ውል እየታሰረ፤
ሲጣሉ ይፈታል፣ ንብረቱም ይካፈላል፣
ግማሹ ለሷ ነው፣ ግማሹ ለሱ ይባላል።
እዚህስ ሙሽራው ባንክ፣ ሙሽሪት ግምጃ ቤት፣
ድግሱን ግን ላኪው ነው እንግዳ የጠራበት።

መጋዘኑን አየሁ። ሁለት ሺህ ኩንታል፣
እስከ ጣራው ድረስ እንደ ግንብ ተቆልሏል።
መውጊያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፣ ቀጭን ብረት፣
የታችኛውን ጆንያ ወግቶ ማየት ነው ሥርዓት፤
ፍሬውን በጥርሴ ሰብሬ እርጥበቱን ልለይ።
ግን ቀኑ ይፋጃል። ግን ዋስ አለው ከላይ።
ግን ሰማንያው ተይዟል። የላዩን ብቻ አፍሼ፣
«ደህና» ብዬ ፈረምኩ፣ መዳፌን አብሼ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ መንዝ ላይ ሳለን ያኔ፣
ዋስ ሆኖ ነበረ፤ አይቻለሁ በዓይኔ።
ለሚዜው ለጎሽሜ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት፣
ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ ማሳውን አየለት፣
ገብሱን ዳበሰው፣ ከብቱን ቆጠረ፣
ዓይን ዓይኑን እያየ ከቤቱ አደረ፤
ከዚያ ነው «ዋስ ነኝ» ያለው፣ ሽማግሎች ፊት ቆሞ፣
ከንፈሩ እንደ ደረቀ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጾሞ።

በረዶ ገብሱን መታው። ጎሽሜ ጠፋ በሌት።
አባቴ ቦራውን በሬ ከቀንበር ፈታለት።
በአንድ በሬ አይታረስ፤ ያን ክረምት በዶማ ቆፈርን፣
እናቴ እንኳ አልረገመች፣ እኛም አልተናገርን።

መርከቡ ጅቡቲን ከለቀቀ ሃያ ሦስት ቀን ሆነው፣
ገዢው ከባሕር ማዶ የላከው መልስ ምን ነው?
«ከሥር ያለው ሻግቷል። ዋጋውም ወርዷል። ይመለስ።»
አጥላባቸው ስልኩን አጠፋ፣ የብድሩ ቀን ሲደርስ።
ዘጠና ቀን አለፈ፤ ስሙ ተቀየረ፣
«የተበላሸ ብድር» ተብሎ ተሰደረ።
እንደ ማሾው።

የካሳ ደብዳቤውን እኔው ነኝ የጻፍኩት፣
«ሰማንያው ይከፈለን» ብዬ በአራት ቅጂ ላክሁት።
ተከፈለ። ማንም ከቀንበር በሬ አልፈታም፣
በማንም ቤት እራት ላይ ዝምታ አልመጣም፤
መንግሥት የሚባለው ሰው መልኩ አይታወቅም፣
ሲከፍል አያለቅስም፣ ሲያጣም አይሳቀቅም።
በሬው ግን ከማን በረት ነው? ሳወጣ ሳወርድ፣
ዘንድሮም አልተጠገነም የጤና ጣቢያው መንገድ።

እንድሪስም አለ፣ ማሾውን በዱቤ የሸኘ፣
ለሱ ከመቶው ላንዱም ዋስ ያልተገኘ፤
በባንኩ በር ሲያልፍ «ደህና ዋልሽ» ብሎኝ ያልፋል፣
ከእንዲህ ያለ ሰላምታ ስድቡ ይሻላል።

ጎሽሜ በሰባት ዓመቱ ወይፈን እየነዳ መጣ፣
አባቴ ሊቀበለው በዱላው ተደግፎ ወጣ።
አጥላባቸው ቢጸጸት፣ ወይፈንም ቢኖረው፣
በየትኛው ደጅ ይቁም? ማንን ነው የሚጠራው?

ሪፖርቱ ላይ አንድ ሣጥን አለች፣ ጠባብ፣ ባለ አንድ መስመር፣
«ብድሩ ለምን ተበላሸ?» በአጭሩ እንዲነገር።
«ዋጋ» ብዬ ጻፍኩ። «እርጥበት» ጨመርኩበት።
ሌላ ቃል አይገባም፤ ሣጥኗ ሞላችበት።

መውጊያዋ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።
ጫፏ ያበራል።
አዲስ ናት።