ከዚህ መስመር በታች አይጻፍ

አቶቴ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣
አራት ሰው የማይዝ ፎቶ ኮፒ ቤት፤
ጋሽ ዱካሞ አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ገጹን በአምስት ብር፣ ምክሩን በነጻ ብሎ።

ቦታው አንድ ነው፤ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፤
ቅጹን ስወስድ ነበርኩ መቶ አርባ ሰባተኛ።
መዝጊያው ዓርብ ነው፣ አሥራ አንድ ተኩል፤
ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሁለት ቅጽ አበላሽቻለሁ ሙሉ በሙሉ፣ ሳይጎድል።

የመጀመሪያውን በጥድፊያ ሞላሁ፣
የልደት ዘመን ላይ የዘንድሮን ጻፍኩ፤
ዲግሪ ይዤ ተወለድኩ፣ ጡት ሳልጥል ተመረቅኩ።
ሁለተኛው ላይ ሻይ ፈሰሰ። ሻዩ የወንድሜ ነው፤
ቅጽ ግን ማን አፈሰሰ አይልም፣ ቡኒውን ብቻ ነው የሚያየው።

ሦስተኛውን አባዝቶ ሰጠኝና «ቁጭ በይ» አለኝ ጋሽ ዱካሞ።
«መጀመሪያ በእርሳስ። እስክሪብቶውን ወዲያ አድርጊው።
እስከ ታች አንብቢ፤ ከዚያ ነው የምትጀምሪው።
ሰው ቅጽ ሲያይ እንደ ጎርፍ ነው፣ ያገኘውን ጉድጓድ ይሞላል፤
አድራሻ በተጠየቀበት የአባቱን ሥራ ይጽፋል።»

ሙሉ ስም ከነአያት።
ትሕትና ሆጤሶ ዳንጊሶ።
መታወቂያዬ «ሆጤሶ» ይላል፣ ዲግሪዬ «ሆጠሶ»፤
አባቴ አንድ ሰው ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ሁለት።
«የመታወቂያውን ጻፊ፤ ልዩነቱን በአባሪ አስረጂ፤
ፊደል የሳተው ሬጅስትራር አይጠየቅም፣ አንቺ ነሽ እንጂ።»

ውጤት፦ ሦስት ነጥብ አንድ ሁለት።
«ወደ ሦስት ነጥብ ሁለት ላስጠጋው?» አልኩ፣ ግማሹን በሳቅ።
አልሳቀም። «የሰው ሒሳብ ልትይዢ ነው፤
ከራስሽ ቁጥር ጀምሪ።»

ከዚያ እሱ መጣ። የሥራ ልምድ።
አምስት ረድፍ ሠንጠረዥ፦ መሥሪያ ቤት፣ ኃላፊነት፣ የለቀቁበት ምክንያት፤
ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ክፍት፣
ጀልባ እንዳልገባበት ሐይቅ፣ እሑድ ጠዋት።
ልምድ የሌለው አይቀጠርም፣ ያልተቀጠረ ልምድ የለው፤
ይህን ቋጠሮ የቋጠረ፣ መፍቻውን የት ነው የጣለው?

ሰረዝ አሰመርኩ። ረጅም፣ ቀጭን ሰረዝ።
ጋሽ ዱካሞ ላጲስ አቀበለኝ።
«ከተመረቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»
«ዓመት ከሰባት ወር።»
«ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ተኝተሽ ነበር?»

አልተኛሁም።
አሞራ ገደል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ ዳር ሲደርስ፣
የአክስቴን ማኅበር ዓሣ እመዘግባለሁ፦
ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣
ማን ስንት እንዳመጣ፣ ማን ስንት እንደተበደረ፣
የመረብ የተቆረጠ፣ የበረዶ የቀረ።
ደብተሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ጠርዙ ረጥቦ አብጧል፤
ግን አንዲት ብር አልጠፋችም፣ ድምሩ ማታ ማታ ገጥሟል።
አባ ኮዳዎቹ ያዩኛል፣ ራሰ በራ፣ ዝምተኛ፣
እንደ ኦዲተር፣ ሦስት እርምጃ ርቀው ከእኛ።

«እሱማ ማገዝ ነው» አልኩ፣ «ደመወዝ የለውም፤
በሳምንት ሁለት ኪሎ ዓሣ ነው።»
«ሠንጠረዡ ስንት ተከፈለሽ አላለም፤ ምን ሠራሽ ነው ያለው።»

ጻፍኩ፦
የሃያ ሦስት አባላትን የዕለት ገቢ፣ ወጪና ብድር መመዝገብ፤
በየሳምንቱ ማመሳከር።
ሳነበው አፈርኩ፤ ደግሜ ሳነበው አላፈርኩም።
እውነት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ለምስክርነት ሊቀ መንበሩን፣ ጋሽ ቡራቆን ላስገባ ስል፣
«መጀመሪያ አስፈቅጂው» ተባልኩ፤ ደወልኩ።
ሐይቁ ላይ ነበር፣ ነፋስ ውስጥ፤
«ጻፊኝ!» አለ፣ «በትልቁ ጻፊኝ!»

የመጨረሻው ገጽ ታች አንድ ጥቁር መስመር አለ፦
«ከዚህ በታች አይጻፍ። ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ።»
እስክሪብቶዬ እዚያ ጋ ቆመ።
ከመስመሩ በላይ ያለው የእኔ ነው፣ ቃል በቃል፤
ከሥሩ ያለውን ማን ያውቃል?

ፈረምኩ። ቀኑን ጻፍኩ፦
ዓመቱ የዘንድሮ፣ በዚህኛው ቦታ ትክክል ነው።

ባጃጅ ውስጥ ፖስታውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።
ትንሽ ዓሣ ይሸታል።
ይሽተት።