የጎደሊቭ ዛፍ

ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣ ካራተኛ ፎቅ፣
ዛፍ ሳልኩ ለባንኩ፣ በስልክ የሚጸድቅ፤
ሲቆጥቡ ያብባል፣ ሲያወጡ ይረግፋል፤
«ምድርን እንጠብቅ» ከግርጌው ተጽፏል።
ኮራሁበት።
ስለ ቅጠሉ ጥላ ብቻ ሦስት ሳምንት ተከራከርኩበት።

ከደንበኞች አስተያየት፣ አርባ አንደኛው መስመር፣
ጎደሊቭ የምትባል፣ ጡረተኛ መምህር፦
«ጥር ላይ ለማሞቂያ አወጣሁ ገንዘቤን፤
ምን አጠፋሁ ብላችሁ አደረቃችሁ ዛፌን?
ቁጥሩም አይታየኝ፣ ቅርንጫፍ ጋርዶት፤
ስንት እንዳለኝ ልወቅ፤ ጫካውን ለወፍ ተዉት።»

ስሟን በኔ ቋንቋ ሳነበው «ጎደለ» ይላል፤
ከሷ ሂሳብ መስሎኝ፤ ለካ ከኔ ሥዕል ኖሯል።

በማግስቱ ቁጥሩን አወጣሁት ከላይ፣
ገዝፎ፣ ያለ መነጽር የሚታይ፤
ዛፉን አሳነስኩት፣ ጥግ ይዞ እንዲቆም፤
ሲነኩት፣ ገንዘብዎ የቱን የንፋስ ተርባይን እንደተከለ ይነግራል፤ ሌላ አይልም።
ዮሪስ፣ አለቃዬ፣ «ውበቱ ሄደ» አለ፣ ራሱን ነቅንቆ፤
አርባ አንደኛውን መስመር ሰጠሁት፤ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ።

ጥር ዞሮ መጣ። ጎደሊቭ ለሙቀት ከፈለች፤
ቁጥሯ ቀነሰ፤ ቅጠል ግን፣ አንዲትም አልረገፈች።