የበርበሬ ጠርዝ

ሰኞ ገበያ ነው፤ ቦንዳው ሲፈታ፣
ከሸሚዝ ክምር፣ ከሱሪ ጋጋታ፣
አንዲት ሻሽ መዘዝኩ፤ ጥቁር፣ የሳሳች፤
ሠላሳ ብር አለኝ፤ በሃያ ወጣች።

ጨርቋስ ጨርቅ ነው፤ ጠርዟ ነው ጉዱ፦
ቀያይ ፍሬዎች ዙሪያዋን የሄዱ፣
ከገብስ ትንሽ ከፍ፣ ከባቄላ በታች፣
እያንዳንዷ ፍሬ አረንጓዴ ቆብ የደፋች።

እናቴ ሉባባ፣ ኪሮሽ ይዛ ያረጀች፣
የሆጤን ሶፋ ሁሉ ዳንቴል ያለበሰች፣
ሻሿን ከመስኮቱ ወሰደችና፣ መነጽሯን ጠርጋ፣
እንደ ደብዳቤ ገልብጣ አየቻት።
«ይሄ» አለች፣ «ኪሮሽ አይደለም።
መንጠቆ አልነካውም።
መርፌ ነው፣ መርፌ ብቻ፤
ቋጠሮ በቋጠሮ፣ አየር ላይ የተሰፋ።»

ሦስት ሌሊት አልተኛችም።
በአራተኛው መቀስ አነሳች፣
ከጥግ አንዷን በርበሬ ቆርጣ
ፈታቻት።
ክሩ ሲዘረጋ ክንድ ከስንዝር፤
ጥፍር ለማታክል ፍሬ!
«ሌባ ሆንኩ» አለች፣
«የማላውቃት ሴት ቤት በጓሮ ገባሁ።»

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠራ፣ ፈትል ክፍል።
ማለዳ ሰርቪሱ ዶሮ መዝለያ ላይ ሲጠማዘዝ
ሻሿ ኪሴ ውስጥ ነበረች።
ማሽን ሊተክል የመጣ ራሲም የሚሉት ቱርክ አለ፣
ግማሹን በእጁ፣ ግማሹን በስብርባሪ አማርኛ የሚያወራ።
ሲያያት ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ።
«ኦያ» አለ። «እናቴም።»
«ዳንቴል?» ብለው «ዳንቴል! ዳንቴል!»፤
ቃሉ በሱም አገር ያው ኖሯል ለካ።
ፍሬዋን በጣቱ ነክቶ «ቢበር» አለ።
«በርበሬ?»
«ቢበር፣ በርበሬ» እያለ
ሁለቱን እንደ ተጠፋፉ ወንድማማቾች አጨባበጣቸው።

በእናቱ መንደር፣ አለ፣
አማት ፊት አፏን የማትከፍት ሙሽራ
በሻሿ ጠርዝ ትናገራለች።
አበባ ከሆነ ደህና ናት።
ቀይ በርበሬ ከሆነ
ባሏ ይጠንቀቅ።

ማታ ነገርኳት። አልመለሰችም።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤
በባቲ ወርዶ ጨው ጭኖ የሚመለስ።
መንገዱ ሲዘጋ ወዲያ ማዶ ቀረ።
መንገዱ ለጥቂት ወር ሲከፈትም
አልመጣም።
ስለሱ ክፉ ቃል ካፏ ሰምቼ አላውቅም፤
ሬዲዮኑን ነጭ ዳንቴል አልብሳ
በየሳምንቱ ታጥብለታለች፣ ዳንቴሉን።

ነሐሴ ሙሉ፣ ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መርፌና ቀይ ክር።
በራሷ አሮጌ ሻሽ ዙሪያ
አርባ አንድ በርበሬ፤ ቆጠርኳቸው።
«ለማን ነው?» አልኳት።
«ለብርድ» አለች።

ሰኞ ለብሳው ወጣች።
በፒያሳ በኩል፣ በአራዳ በኩል፣
ሴቶቹ «ውይ ሲያምር! ከየት ገዛሽው?»
ደሴ ሁሉ አየው፤ ያነበበው የለም።
እኔ ከኋላዋ፣ ዘንቢል ይዤ፣
አንድ በአንድ እያነበብኩ ሄድኩ።

የገዛኋት ሻሽ ቤት ናት።
በተቆረጠችው ቦታ እናቴ
አንዲት በርበሬ ሰፍታ ዕዳዋን ከፍላለች።
ቅላቷ ትንሽ ይለያል፣ ቆቧም ወደ ግራ አዘንብሏል።
የደሴ በርበሬ ናት፤
ታቃጥላለች።