በእርሳስ የተሰመረ

ስድስት መቶ ብር ይዣለሁ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣
ከወንጂ እስከ አዳማ ካልሲዬ ውስጥ ያረፈ።
ሚኒባሱ ጥሎኝ ሲሄድ ነፋሱ ተቀበለኝ፤
የአዳማ ነፋስ ሰላምታው አቧራ ነው፣ አለበሰኝ።

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከግንቡ ጥግ ተጠግቶ
ሙዘይን መጽሐፍ ይሸጣል፣ ሸራ መሬት ላይ ዘርግቶ፣
ገጾቹ እንዳይበሩበት በድንጋይ አስተኝቶ፤
ለባዮሎጂው ትልቅ ድንጋይ፣ ለልቦለዱ ጠጠር፤
«ልቦለድ ቢሄድ ይሂድ» ይላል፣ «ያገኘ ያነበዋል፣ አይቸግር።»

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ፣ መዳፉን ከአፉ ሳያነሳ።
«ለጥርስ ሕክምና... መግቢያ ፈተና...» አልኩት፣
እኔም መዳፌን ከአፌ ሳላነሳ።
ተያየን።
ከአንድ ጉድጓድ ነው የጠጣን።

ሦስት ዘረጋልኝ።
አንደኛው ወፍራም፣ እንደ ጡብ ነው፣ አራት መቶ ሰማንያ ብር፣
ሽፋኑ ላይ ሳቅ ብቻ፣ ባለቤት የሌለው፣
ጥርሱ እንደ ፋብሪካ ስኳር የነጣ፣ የተደረደረው።
ሁለተኛው ኮፒ ነው፣ የአምናና የካቻምና ጥያቄ፤
መልሱ ከኋላ የለም። «እሱማ ለብቻው ይሸጣል፤
መልስ ከፈለግሽ» አለኝ፣ «ሠላሳ ብር ይጨምራል።»
ሦስተኛው ሽፋን የለው፣
ሻይ የጠጣ፣ በፕላስተር የታሰረ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነው።

ሚፍታህ ስልክ ላይ ነው፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣
«መጽሐፍ ምን ያደርግልሻል? ቴሌግራም ላይ ሁሉ አለ፤
ስምንት መቶ ገጽ በነፃ! ልላክልሽ?» አለ።
ባለፈው ልኮልኝ ነበር።
ስልኬ ቦታ የለኝም አለ፤
ወይ የእናቴን ድምፅ፣ ወይ ኬሚስትሪውን ሰርዢ አለ።
ኬሚስትሪውን ሰረዝኩት።

አባቴ ላምቤቦ ለመጽሐፍም ያለው ምክር የአገዳ ነው፦
«ውፍረቱን አትዪ ልጄ፣ አንጓውን ነው የምታዪው፤
ጥርስሽ የሚችለውን ነው የምትወስጂው።»
ሠላሳ ዓመት አገዳ ቆርጦ፣ ዛሬ ግን አይነክስም፤
ለፎቶ ሲቆም እንኳ ከንፈሩን አይከፍትም።

ከሸራው ዳር ቁጭ አልኩ። ወፍራሙን ገለጥኩት፦
ነርቭ፣ ድድ፣ መንጋጋ፣ ክራንቻ፣
ሠላሳ ሁለት ወንድማማቾች፣ ነጭ በነጭ ብቻ።
የእኛን ፈለግሁ፣ ቡኒውን፣ የተሸረፈውን፣
መሳቅ የተወውን፤
ከማውጫው እስከ መጨረሻው ገጽ አጣሁት።
ኮፒው ላይም የለም። ማንም አልጠየቀው።

አሮጌውን አነሳሁ።
አንድ ሰው በእርሳስ አስምሮታል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣
እጁ የሚንቀጠቀጥ ነው፣ ማስመሪያ አይጠቀምም።
ምዕራፍ አምስት ዳር ላይ «አልገባኝም» ይላል፣
ምዕራፍ ስድስት ዳር ላይ «ገባኝ!!» ይላል።
ከዚያ ገጽ መቶ አርባ ሁለት፣ ከታች፣ ሦስት መስመር ብቻ፣
ስለ ውሃ፣ ስለ ፍሎራይድ፣ ሥዕል እንኳ የሌለው፤
ከጎኑ በእርሳስ፦
«ወንጂ። እኔ። አባዬም።»
ከዚያ ወዲያ ያልተሰመረ ነው፤
እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው።

«የማን ነበር?» አልኩት።
«እኔ እንጃ» አለ ሙዘይን፣ «በኪሎ ነው የገዛሁት።»

«ያን አትግዢ፣ አሮጌ እትም ነው» አለ ሚፍታህ፣ «ያ ጥያቄ አይመጣም።»
እውነቱን ነው። አይመጣም።
መቶ ሃምሳ ከፍዬ ገዛሁት። ኮፒውንም ወሰድኩ፤
ጀግና አይደለሁም እኔ፣ መልሱንም አስጨመርኩ።
ከዚያ አንድ እርሳስ ገዛሁ።

ወደ ወንጂ ስመለስ፣ ከኋላ ወንበር ተጣብቤ፣
ገጽ መቶ አርባ ሦስትን ገለጥኩ፣ እርሳሴን ነክሼ፣ አስቤ።
ላሰምር ስል መኪናው ጉድጓድ ገባና ተንገጫገጨ፤
መስመሬ እንደ እሱ መስመር ተዛነፈ፣ ተንቀጠቀጠ።

ለካ እጁ አይደለም ይንቀጠቀጥ የነበር።
በዚሁ መንገድ ላይ ያነብ ነበር።