ጠመኔ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከባጃጅ ወረድን፣ አምስት ሠልጣኞች፣ ጀርባችን ላይ ዕቃ፤
በአንድ እጅ ሰሌዳ፣ በአንድ እጅ ጠመኔ፣
አራቱ ነርስና ሐኪም፣ የላቦራቶሪዋ እኔ።

መምህራችን በዳኔ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው፣
ስንት ወረርሽኝ እንዳየ አይናገርም፤ ጫማውን ነው የምናየው።
«በሽታ እግር አለው» አለን፤ «እናንተም እግር ይኑራችሁ።
ማን ታመመ? መቼ? ከየት ቀዳ? ይኼ ነው መጽሐፋችሁ።
ዳር ያለውን ቤት አትዝለሉ፤
ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ውሉ።»

ወረቀቱ «አተት» ይላል፤ «ምች ነው» ይላሉ እናቶቹ፣
ባለሱቁ «ምግብ ነው» ይላል፤ ዝም ይላሉ ሌሎቹ።

ቤቶቹ የጨረቃ ናቸው፤ ማታ ተጀምረው ጎህ ሲቀድ ያለቁ፣
በካርታ የሉም፣ በመዝገብ የሉም፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተጣበቁ።
ስለዚህ ያንኳኳነውን ካላንኳኳነው ለመለየት
በየበሩ በጠመኔ አሠመርን፤ አንድ መስመር ለአንድ ቤት፣
የታመመ ካለ ሁለት።

ሰባ ሦስት በር ሆነ እስኪመሽ። ኮራሁ።
በማግስቱ ስመለስ አንድም መስመር አጣሁ።
ታጥቧል። እንጨቱም ቆርቆሮውም በእርጥብ ጨርቅ ተፈግፍጎ፤
ከፊሉ ሰው በሌሊት ሄዷል፣ በሽተኛውን ሸሽጎ።

ያስካል የምትባል ሴት፣ ሆዷ የገፋ፣
«አምና በቀይ ቀለም ጻፉብን» አለች፤ «ዶዘር መጣ፣ ቤት ጠፋ።
ዘንድሮ በነጭ ሆነ?» ድምጿ ላይ ቁጣ የለም፤
ቁጣ ቢሆን መልስ ነበረኝ፤ ለዚህ አልተማርኩም።

በዳኔ ሰማ። ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ቱቦ ውስጥ ጣለ።
«ዛሬ አትጻፊ፤ ተቀመጪ» አለ።

ተቀመጥኩ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣
ስለሚወለደው ልጅ አወራን፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ወንዙ አደጋ፤
ከዚያ ሳልጠይቃት፣ እንደ ቀላል ነገር፣
«ውኃ እንኳ ረክሷል» አለች፤ «ከሰኞ ወዲህ ጀሪካኑ አምስት ብር።»

ረክሷል።
ቃሉ ሁለት ፊት ነበረው፤
እሷ ዋጋውን ተናገረች፣ እኔ የሰማሁት ሌላውን ነው።

ጋሪውን ተከተልን። አህያዋ መንገዱን ታውቃለች፤
የደረቀውን ቦኖ አልፋ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ ትቆማለች።
ባለጋሪው ገለቱ፣ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ፣
«ቦኖው ሲደርቅ ምን ላድርግ?» አለ፤ «ከየት ልቅዳ ሌላ?»

ቤቱ ገባን። የሦስት ዓመት እህቱ ተኝታለች።
ረቡዕ ሌሊት ነው የጀመራት፤ ከሁሉም ቀድማለች።
መምህሬ ተንበርክኮ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀ፤
እጥፋቱ ቶሎ አልተመለሰም፤ ስንቱ ሰከንድ አለቀ።
«እኔ ነኝ?» አለ ገለቱ።
ቅጹን ገለጥኩ። ለዚህ ጥያቄ ሣጥን የለውም።

ልጅቷን በባጃጅ ወሰድናት። ጉድጓዱ ታሸገ፤ ቦቴ መጣ፤ ክሎሪኑ ሸተተ።
ግራፉ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጎተተ።
እሷ ዳነች። ሁለት ሰዎች ግን አልዳኑም።

ሳምንት ቆይቶ አንድ ሰው ከመሬት አስተዳደር ነኝ ብሎ መጣ፤
ትሑት ነው፣ ፈገግታው ያምራል፣ ሻይ ሊጋብዘን ቃጣ።
«ዝርዝሩን ስጡን፣ የየቤቱን ሰው ስም፤
ሁለት ጊዜ ከመዞር» አለ «ሥራ እንዳይደገም።»
በዳኔን አየሁት። በዳኔ መስኮቱን አየ።
ፈተናው ይኼ እንደሆነ ያን ጊዜ ለየ።

ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀደድኩ፤ «ሠላሳ አንድ የታመሙ፣ ሁለት የሞቱ።»
«ስሙስ?»
«ቁጥሩን ውሰድ» አልኩት፤ «ስሙ የቤቱ።»
እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልሸሽግም።

ባለፈው በዚያ አለፍኩ፤ ባጃጁ ፈጥኖ ስለነበረ
የያስካልን ደጅ በጨረፍታ ነው ያየሁት፤
ምልክት የለበትም፤ በሩ ነበረ።